ቲ ሕዋሳት እንዳይነቁ ስለ መፈቀዱ

ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም.
ቦንጋ

ለተከበሩ አቶ ደምመላሽ
የጥናትና የስብሰባ ፈቃድ ማስተባበሪያ ዴስክ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በግንቦት መጨረሻ ማመልከቻዬ ላይ ሦስት ጊዜ ያስነጠሱበት ጉንፋን እንደ ለቀቀዎት ከጸሐፊዎ ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ለቤተሰብዎ፣ ለወንበርዎ፣ እንዲሁም ጠረጴዛዎ ላይ ሃምሳ ቀን ለከረመው ማመልከቻዬ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ ብቻዬን ስለምስቅ የባጃጅ ሾፌሮች ዞር እያሉ ያዩኛል። የሳቄ ምክንያት ትናንት የሰጡኝ የፈቃድ ደብዳቤ ስለ ሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ እኔ ሰብሌ ከፈለኝ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቦንጋ ነው። ሥራዬ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ማጥናት ሲሆን፣ በተለይ የምከታተለው ቲ ሕዋስ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከተኙበት የሚነቁበትን መንገድ ነው። ወደ አገሬ የመለሰኝ እግር የሚያሳብጠው የዝሆኔ በሽታ ነው። እዚህ ቦንጋ አቅራቢያ ማንኪራ ቀበሌ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች አንድ ቀይ አፈር ረግጠው ያድጉና የአንዷ እግር ሲያብጥ የሌላዋ ደህና ይሆናል። ባበጠው እግር ውስጥ ያሉትን ቲ ሕዋሳት ማን እንዳነቃቸው ለማወቅ ከአርባ ፈቃደኞች አንድ አንድ ብልቃጥ ደም መውሰድ አለብኝ። ደሙን በበረዶ ሣጥን አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና ዓርብ ሰኔ 17 ይሄዳል፤ ዘንድሮ ሌላ መኪና የለም፣ ለእኔም ለጥናቱ ከዘንድሮ ሌላ ዓመት አልተሰጠኝም።

አንደኛ፣ ማመልከቻዬን ከርእሱ አሳልፈው ለማንበብ ስላልቸኮሉ አመሰግናለሁ። ርእሱን ወደ አማርኛ የመለሱልኝ የድሮ የባዮሎጂ አስተማሪዬ ጋሽ ግዛቸው ናቸው። «ሴል» የሚለውን «ሕዋስ» አሉት። «አክቲቬሽን» የሚለውን መጀመሪያ «መቀስቀስ» ብለውት ነበር፤ አምና ምርጫ ስለ ነበር ግን የምርጫ ቅስቀሳ እንዳይመስልብን ሠግተው፣ ሁለት ቀን ሙሉ አስበው፣ ማንንም የማይነካ ቃል አገኘሁ በማለት «መንቃት» አደረጉት። እንግዲህ «በማንኪራ ያልነቁ ቲ ሕዋሳት የሚነቁበት መንገድ» የሚል ማመልከቻ፣ ሠራተኞቹ በፓርቲ ሕዋስ በሕዋስ ተደራጅተው በየሳምንቱ በሚሰበሰቡበት መሥሪያ ቤት ገባ ማለት ነው። ጋሽ ግዛቸው የሆነውን ሲሰሙ ከሳቅ ብዛት ወገባቸውን ስለ ያዛቸው እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛ፣ «ቲ» በእንግሊዝኛ ሻይ ነው ተብሎ ማመልከቻዬ አሥራ ስምንት ቀን አንድ የሻይ ቅጠል ባለሙያ ዘንድ ስለ መክረሙ አመሰግናለሁ። ባለሙያው የሻይ ቅጠል ሲነቃ አይቼ አላውቅም ብለው በጨዋ ቋንቋ ጽፈው መልሰዋል። በዚህ ጉዳይ ከተጻፉት አስተያየቶች ሁሉ ለእውነት የቀረበው የእሳቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ለማብራሪያ ስለ ጠሩኝ። አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው ሳያንቀላፋ የምናገረውን ሁሉ ሲጽፉ፣ በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ክፍል ገጥሞኝ ስለማያውቅ በደስታ እንባዬ ሊመጣ ነበር። የቲ ሕዋስ ሰብሳቢ ማን እንደ ሆነ፣ ደካ ከተማ ድረስ የተዘረጋ ግንኙነት ይኖረው እንደ ሆነ፣ አባላቱም ስንት እንደ ሆኑ ጠየቁኝ። እኔም የምጠየቀው ሳይንስ መስሎኝ፣ ሰብሳቢ እንደሌላቸው፣ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ በብዙ ቢሊዮን እንደሚቆጠሩ፣ ከውጭ የመጣ ነገር ሲያዩ እንደሚነቁ፣ አንዴ ከነቁም በፍጥነት እንደሚባዙ በዝርዝር አስረዳሁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እዚህ ላይ ወደ ቀይ እስክሪብቶ ሲቀይሩ ሳይ ቀለም አልቆባቸው መስሎኝ ነበር።

አራተኛውን ምስጋና ለብቻው አቀርባለሁ፤ ትናንት የደረሰኝ ፈቃድ ነውና። እንዲህ ይላል፦ «ሕዋሳቱ በጥናቱ ሂደትም ሆነ ከጥናቱ በኋላ እንዳይነቁ በጥብቅ እያሳሰብን፣ የሕዋሳት መንቃት ጥናት እንዲካሄድ የፈቀድን መሆኑን እንገልጻለን።» ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ለሳይንስ ባልደረቦቼ ሁሉ አነብላቸዋለሁ። መታዘዝ ግን አልቻልሁም። ከአርባዎቹ ፈቃደኞች አንዷ በሆኑት በማንኪራዋ እትዬ የሻረግ ግራ እግር ውስጥ ያሉት ቲ ሕዋሳት ከነቁ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሲነቁም እኔንም እርስዎንም አላስፈቀዱም። በዚያ ላይ ፈቃዱ ፊርማ አለው እንጂ ማኅተም የለውም፤ ማኅተም ያዡ ባልደረባዎ ለሥልጠና ደካ ሄደዋል።

ስለ ማኅተሙ አልቆጣሁም፤ ሥራዬን ስላስታወሰኝ እንዲያውም ፈገግ አልሁ። ቲ ሕዋስም የሚነቃው በሁለት ምልክት ነው። በመጀመሪያ ሌላ ሕዋስ የባዕዱን ነገር ቁራጭ ያሳየዋል፤ ቀጥሎ ያው ሕዋስ አዎ፣ እውነት ነው ብሎ ያረጋግጥለታል። ፊርማና ማኅተም ማለት ናቸው። የመጀመሪያው መጥቶ ሁለተኛው ሲቀር ሕዋሱ ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም አንድ ላይ ቢመጡለት እንኳ በቀላሉ አይነቃም።

ሳቄ የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው። እትዬ የሻረግ ያንን እግር እየጎተቱ፣ በጭቃ፣ ደም ለመስጠት ሁለት ጊዜ ከማንኪራ ቦንጋ መጥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈቃዱ አልደረሰም ብዬ መልሻቸዋለሁ። ባለፈው ሲመለሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሌላ ጊዜ ማኅተሙ ይቅደም ልጄ፣ እኔ እደርስበታለሁ» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን አፈርሁ። ሦስተኛ ጊዜ ጠርቼ ሦስተኛ ጊዜ ብመልሳቸው፣ ለአራተኛው እሳቸውም ሠላሳ ዘጠኙም አይመጡም። በሚቀጥለው ዓመት ክትባት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢጠራቸውም አይመጡም። እኔ የፈራሁት የነቃ ሕዋስ ሳይሆን ይህን ነው፤ የደነዘዘ ሰው በምን እንደሚነቃ የሚያውቅ ሳይንስ ገና አላገኘሁም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ «እንዳይነቁ» የምትለውን አንዲት ቃል ሰርዘው፣ አንድ ማኅተም አስመትተው እስከ ረቡዕ እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ። ወደ ደካ የሚሄድ መኪና ቢጠፋ እኔ ራሴ ሄጄ ማኅተሙን ከነያዡ ይዤ እመጣለሁ።

በእርስዎ ቸርነት ሃምሳ ቀን ያረፍሁ፣ ያለ ማንም አነሳሽነት በራሴ ጊዜ የነቃሁ ታዛዥዎ፣
ሰብሌ ከፈለኝ

ግልባጭ፦
ለሻይ ቅጠል ባለሙያው፣ ከአክብሮት ጋር
ለጋሽ ግዛቸው፣ ወገባቸው ሲሻላቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማንኪራ ቲ ሕዋስ አባላትን ስም ዝርዝር እስከ ሰኞ እንዳስገባ በቃል የታዘዝሁትን ለመፈጸም፣ በአንደኛ ተራ ቁጥር የክቡርነትዎን ስም አስፍሬያለሁ። ያን ጉንፋን ያባረሩልዎ በውስጥዎ ያሉት ቲ ሕዋሳት ናቸው፤ በአንድ ሳምንት ነቅተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ያለ ስብሰባና ያለ ሪፖርት ተመልሰው ተኝተዋል። በእነዚህ ሃምሳ ቀናት በቢሮዎ ውስጥ ሥራ ሲሠሩ የተገኙት ሕዋሳት እነሱ ብቻ ስለ ሆኑ፣ እንዳይነቁ የሚለው ማሳሰቢያ ቢያንስ እነሱን እንዳይመለከት አደራ እላለሁ።