ከዘር በቆሎው ጎን የተሰቀለው ኮምፒውተር

ይድረስ ለልጄ ለአስናቀች፣ ዱባይ ላለሽው።

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ለቀቀሽ ወይ? ሙቀቱስ እንዴት ነው? ሁምቦ ያደገችን ልጅ የዱባይ ፀሐይ ምንም አያደርጋትም እያልኩ እዚህ ለሰው አወራለሁ፣ እውነቱን ግን አንቺ ታውቂያለሽ። አብረውሽ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት አልወድም ብሏል፣ እኔም አላስገድደውም።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትይ ይሆናል። ስልኩ ያለው በልጅሽ በማክዳ እጅ ነው፣ የምነግርሽ ደግሞ የማክዳን ነገር ነው። ጻፍልኝ ብዬ ሰው አልለምንም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በኩራዝ የተማርኩት ፊደል አለኝ። በቋንቋችን በወላይትኛ እንዳልጽፍልሽ ዛሬ የሚጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው፣ እሱ አይገባኝም፣ እንዲገባኝም አልፈለግሁም። ፊደሌ ቢንጋደድብሽ ዓይንሽን አጥበብ አድርገሽ አንብቢው። ይዛልሽ የምትመጣው የጎረቤታችን የእሸቴ ልጅ ወሰንየለሽ ናት። እሷም ወደዚያው ናት፣ ደላላው ጨርሶላታል።

የልጅሽ ነገር እንዲህ ነው። ሶዶ በምትማርበት ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና የክህሎት ውድድር አለ። የተበላሸ ኮምፒውተር ይሰጧቸዋል፤ ሕመሙን ፈልጎ፣ ፈትቶ፣ ገጥሞ ማብራት ነው። አንደኛ የሚወጣውን ኮሌጁ በራሱ ወርክሾፕ ሥራ ያስገባዋል ተብሏል። ማክዳ ለዚህ ስትል ምግብ እንኳ በቅጡ አትበላም። ሶዶ ቤት ተከራይታ መለማመድ ስላልቻለች መምህሯ ፀጋአብ፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ቤትሽ ወስደሽ ተለማመጂበት ብሎ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጣት። በባጃጅ ታቅፋው መጣች። እናትሽ ዓመለወርቅ በሕይወት ሳለች አንቺን ከጤና ጣቢያ ታቅፋ ስትመጣ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀችም።

ከዚያ ማክዳ ለትምህርት ሶዶ ጓደኛዋ ዘንድ ጥቂት ቀን ሰነበተች፣ ኮምፒውተሩ ከእኔ ጋር ቀረ። የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ቀድሞ መጣና ቆርቆሮው ልክ እሷ ባስቀመጠችበት ጠረጴዛ ላይ ያፈስ ጀመር። መሬት ላይ እንዳላደርገው ምስጥ አለ። ሣጥን ውስጥ እንዳላደርገው አይጥ አለች፣ ሽቦውን ትበላዋለች። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፣ በእኛ ቤት ለነገ የሚፈለግ ነገር የሚቀመጠው የት ነው? የዘር በቆሎ የሚሰቀለው የት ነው? ከምድጃው በላይ ጭሱ ውስጥ አይደለም? ነቀዝ አይደፍረው፣ እርጥበት አያገኘው። እናትሽ እንዲያ አድርጋ ያቆየችው በቆሎ ሳይበቅል የቀረበት ዓመት የለም። እኔም ኮምፒውተሩን በገመድ አስሬ ከዘር በቆሎው ጎን ሰቀልኩት። እንዲያውም እርጥብ እንጨት እየጨመርኩ ጭሱን አበዛሁለት።

ማክዳ መጥታ ስታየው አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አውርዳ ክዳኑን ስትከፍተው ውስጡ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ተጣብቋል። አዋ አለችኝ፣ እሷም እንደ አንቺ አባቷ አድርጋ አዋ ነው የምትለኝ፣ እንዲበቅል ነው ወይ የሰቀልከው አለችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ እየሳቀችም እንባዋ ወረደ። እኔ ግን ጥፋት ነው ብዬ አልተቀበልኩም፣ አሁንም አልቀበልም። ጭስ የሚፈራ ዕቃ መሆኑን ማን ነገረኝ? ስትሄድ ከዝናብ ጠብቅልኝ አለች እንጂ ከጭስ አርቀው አላለችም።

ጥላሸቱን የሚያለቅቀው አልኮል ነው አለች። ፋርማሲ ሄድኩ፣ አልቋል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ለቁስል ያስቀመጥነውን ለኮምፒውተር አንሰጥም አሉኝ። የቀረው ጌታን ካመንኩ ወዲህ ደጃፉን ረግጬ የማላውቀው የየትምወርቅ አረቄ ቤት ነው። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባርኔጣዬን አድርጌ በፊት በር ገባሁ። ሌባ አይደለሁም በጓሮ የምዞረው። ጠንካራውን ስጪኝ አልኳት። የትምወርቅ ወገቧን ይዛ፣ ጋሽ ጦና፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ምነው በስተርጅና ናፈቅንዎ አለችኝ። ለኮምፒውተር ነው አልኳት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ጠጪ ከጥግ ሆኖ፣ እኔም ቤት እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አለ፣ ጠዋት ካልቀመሰ አይነሳም አለ። ጠርሙሱን ኪሴ ውስጥ አልደበቅሁትም። በእጄ ይዤው ገበያውን አቋርጬ ወጣሁ።

እሁድ ቶማ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀኝ፤ አብሮኝ ሽማግሌ ሆኖ የሚያገለግለው ነው። ወንድም ጦና፣ አረቄ ይዘህ ታይተሃል ይባላል አለኝ። ይባላል አይደለም፣ ይዣለሁ አልኩት። ጠጥተሃል ወይ አለኝ። እኔ አልጠጣሁም፣ የጠጣው ኮምፒውተሩ ነው አልኩት። ሳቁን ዋጥ አደረገና፣ እንግዲያው ነገሩ እስኪጣራ ከፊት ወንበር አትቀመጥ አለኝ። ላስረዳው እችል ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን የሚያውቀኝ ሰው ካላመነኝ ለምን ብዬ እለማመጠዋለሁ? ከኋላ ተቀምጬ ስለማላውቅ ውጭ ግራሩ ሥር ቆሜ ስብከቱን ሰምቼ ተመለስኩ።

ማክዳ በአረቄው፣ በጥርስ ብሩሽና በላጲስ ስትፈትገው ዋለች። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ሰፌድ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣችው፣ እኔ ዶሮ እከላከል ነበር። ገጣጥማ መብራት ስትሰጠው ማራገቢያው ዞረ። ጌታ ይመስገን ልል እጄን አነሳሁ። እጄ ሳይወርድ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ብሎ ጮኸ፣ ስክሪኑም እንደ ጠቆረ ቀረ። ምን ማለቱ ነው አልኳት። አልቻልኩም ማለቱ ነው አለችኝ። ደግማ ፈታችው፣ ደግማ ገጠመችው። አሁን ማራገቢያውም አይዞርም።

መምህሩ በስልክ ሲሰማ አልተቆጣም። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፣ የከተማ ልጆች በየቀኑ በሚሠራ ኮምፒውተር እየተለማመዱ ነው፣ አይዞሽ ብቻ አላት። አይዞሽ ያለበትን ድምፅ እኔም ሰማሁት፤ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። እሷም ሰምታዋለች። ሆኖም የሞተውን ኮምፒውተር ትፈታለች፣ ትገጥማለች። ዓይኗን በሻርፕ አስራ ሁሉ ትፈታለች። ለምኑ ነው እንግዲህ ብላት፣ እጄ እንዳይረሳ ነው አዋ አለችኝ። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የወደቀባትን ብሎን አነሳለሁ። ሥራዬ ይኸው ሆኗል።

ውድድሩ ሐሙስ ነው። ዛሬ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ አየኋት። ካቻቪቴዋን በጨርቅ ጠቅልላ አስገባች፣ ከሥሩ ደግሞ ፓስፖርቷን አስገባች። ለውድድር ፓስፖርት ምን ያደርጋል? አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ደላላው የጨረሰው ለወሰንየለሽ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ወሰንየለሽ የምትነሳው ቅዳሜ ነው፣ ከዚያው ከሶዶ። ምናልባት አንቺም ታውቂ ይሆናል። ታውቂ ከነበረ ቅር ብሎኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ወሰንየለሽ ብቻዋን ካመጣችልሽ ልጅሽ አሸንፋለች ማለት ነው፣ እልል በይ። እኔ ግን የምጽፈው ሁለት ሆነው በርሽን እንደሚያንኳኩ አድርጌ ነው። ማክዳ ስትደርስ አታልቅሺባት፣ መንገድ ያደከመው ሰው ነው የሚመጣብሽ። የጭሱን ወሬም አታንሺባት። ካቻቪቴዋን ግን ማንም እንዳይጥልባት፣ እሷ ራሷም እንዳትጥለው። የሰው ወለል ስትወለውል ውላ ስትገባ የተበላሸ ነገር ካለ ፈልገሽ ስጫት፣ ሬዲዮም ቢሆን፣ ፈታ ገጠም ታድርገው። እጇ እንዳይረሳ። እኔ ዘሩን የማወርድበት ጊዜ ደርሷል፣ ዘንድሮ ብቻዬን እዘራዋለሁ። ኮምፒውተሩን ያሰርኩበት ገመድ እንደተንጠለጠለ ነው፣ አልፈታሁትም።

ክፍል ለምትጋሪያቸው ለናዲያና ለመቅዲ፣ ባላያቸውም እንደ ልጆቼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የመቅዲ ሳል እንደተሻላት አስታውቂኝ። እሸቴ ሰላም ብሎሻል፤ ልጁ ልትሄድ ስለሆነ እሱም እንደ እኔ ነው፣ አጥሩ ጋ ተቀምጠን አብረን መንገዱን እናያለን። ቶማ ሰላም አላለሽም፣ ስለማንነጋገር ነው። ማክዳም ሰላም አላለችሽም፣ መጻፌን አታውቅም። የእሷን ሰላምታ ከራሷ አፍ እንዳትሰሚው ነው ጸሎቴ።

አባትሽ ጦና
ሁምቦ፣ ወላይታ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.