ስሙን የተነጠቀው አውሎ ነፋስና የእኔ ስለት

ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለተከበሩ የራዲዮ ጣቢያው የአየር ጠባይ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ባልደረቦችዎም፣ ማይክሮፎኖቻችሁም ጭምር፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በዚህ በኩል የታኅሣሥ ውርጭ ጣታችንን ከማቆራመዱ በቀር ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ልጅ ነኝ፤ ለመሥሪያ ቤት ጽፌም አላውቅ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎ። በፖስታ አሽጌ ልላከው ብል ፖስታ ቤት ገብቼ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠውን ሰው ማነጋገር ሊኖርብኝ ነው። ለአንድ ሰው ከመናገር ለሰው ሁሉ መጻፍ ስለቀለለኝ በጣቢያችሁ የፌስቡክ ገጽ ላይ እለጥፈዋለሁ። እንዲህ ያለሁ ፍጥረት ነኝ።

ጉዳዬ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ኅዳር ወደ ኦማን የሄደው ነገር አውሎ ነፋስ ነበር ወይስ አልነበረም? ለእናንተ ይህ የሙያ ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን ነገ በሕዝብ ፊት ልቁም ወይስ ቤቴ ልቅር የሚለው በዚሁ ላይ ተንጠልጥሏል።

ታላቅ እህቴ ጸደንያ ሳላላ በምትባል የኦማን ባሕር ዳር ከተማ በሰው ቤት ትሠራለች። በኅዳር አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከባድ ሞቃታማ አውሎ ነፋስ ወደዚያው ጠረፍ እየገሰገሰ መሆኑን አበሠራችሁን። ለፈጣን መረጃችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እዚህ እኛ ነፋስ የምናውቀው በመጋቢት የሰው ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ጓሮ ሲጥል ነው። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ግን ስለ ማዕበል እንደ መርከበኛ ታወራ ጀመር። የጸደንያ ስልክ ደግሞ በደወልን ቁጥር ዝግ ነው።

እናቴ ለተክለ ሃይማኖት ታቦት ዣንጥላ ተሳለች። እኔ የምሳለው አጣሁ። ስለት ለሚሰጠው ሰው የሚከብድ ነገር መሆን አለበት ሲባል እሰማለሁ፤ ከእኔ ላይ ነቅሎ ለመስጠት የሚከብድ ነገር ብፈልግ ዓይን አፋርነቴን አገኘሁ። በእኛ ደብር፣ በጻድቁ ዓመታዊ በዓል፣ ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱ ሲያበቃ፣ ስለቱ የሰመረለት ሰው ማይክሮፎኑን ከመርጌታ ኃይለኢየሱስ እጅ ተቀብሎ በሕዝቡ ፊት ይመሰክራል። እኔ ማለት ሱቅ ሄጄ ጨው የምገዛው በጣቴ እያመለከትኩ ነው። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ «አቤት» ትልልኝ የነበረችው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ያቺው እኔ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተደፍቼ፣ አባቴ ተክለ ሃይማኖት፣ እህቴን ከዚህ አውሎ ነፋስ ካወጣህልኝ በበዓልህ ቀን ቆሜ እመሰክራለሁ አልኩ። አውሎ ነፋስ የሚለውን ቃል ከእናንተ ነው የወሰድኩት። ሌላ ስም ሰጥታችሁን ቢሆን በዚያው እሳል ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ መሥሪያ ቤት ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

1ኛ. ሰኞ አውሎ ነፋስ ያላችሁትን ማክሰኞ ጠዋት የተዳከመ አውሎ ነፋስ አላችሁት። ቀትር ላይ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሆነ። ማታ ደግሞ ቅሪት። ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ስም ቢቀያይር ፖሊስ ይይዘው ነበር።

2ኛ. ረቡዕ ዕለት ሁለት ምሁራን ጋብዛችሁ ነገሩ አሁንም በቀድሞ ስሙ ይጠራ ወይስ አይጠራ ብላችሁ ማከራከራችሁ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። አንደኛው የነፋሱ ፍጥነት ከተወሰነለት መጠን ስለወረደ ስሙ አይገባውም አሉ። ሁለተኛው መሽከርከሩን እስካላቆመ ድረስ ስሙን መንጠቅ ግፍ ነው ብለው ተቆጡ። የሆነ ሹም ማዕረጉ ሊገፈፍ ነው ብዬ ነበር። ዝናቡ የት ሊወርድ ነው የሚለው ጥያቄ በጊዜ እጥረት ሳይነሣ ቀረና ዘፈን ገባ።

3ኛ. ጥያቄውን የሚያነሣ አድማጭም አልጠፋም ነበር። እኔው ነኝ የደወልኩት። መስመሩ ሲገባልኝ አዘጋጃችሁ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «ሃሎ፣ አድማጫችን ከየት ነው?» አሉኝ፤ እኔም ዘጋሁባቸው። አዘጋጁ ኔትወርኩን ወቀሱ። ኔትወርኩ በእውነት ምንም አላጠፋም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ልተወው፤ የሚቀረው ከእናንተ ይልቅ እኔን የሚመለከት ነው።

ከአድማጮቻችሁ ሁሉ ያንን ክርክር እንደ እኔ አፉን ከፍቶ ያዳመጠ ያለ አይመስለኝም። አውሎ ነፋስ ካልሆነ ስለቱም ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሁር ላይ ተለጠፍኩ፤ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጣቸው ሳይቀር ጸለይኩላቸው። ያን ጊዜ ጸደንያ ገና በስልክ አልተገኘችም። እኔ ግን ተዳክሟል የሚለውን ስሰማ ስለ እሷ ማሰቤን ትቼ ስለ ማይክሮፎኑ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ክርክሩ ወደ ቤታችንም ገባ። እናቴ፣ ያዳከመው ጻድቁ ነው፣ እንዲያውም ስለት ሰመረ ማለት ይኸው ነው አለች። እኔ፣ ሊደክም የነበረ ነገር በራሱ ደክሞ ይሆናል ብዬ በለሆሳስ ተከራከርኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ክርክሬ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ልጃቸው ሱሀይላ እዚያው ሳላላ ናት፤ በዚያ ሳምንት ሴቶቹን ሰብስበው ዱዓ ሲያስደርጉ ሰንብተዋል። ሁለታችንንም ካዳመጡን በኋላ ሳቅ አሉና፣ «እናንተ ጻድቁ አዳከሙት ትላላችሁ፣ እኛ ዱዓችን ነው እንላለን፣ ራዲዮኑ ራሱ ደከመው ይላል። ብቻ ይድከም እንጂ፣ አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እኔን ያስጨነቀኝ የልጆቹ ነገር ብቻ መስሏቸው ነው። አፈርኩ፤ ግን አልተውኩም።

ወደ መርጌታ ኃይለኢየሱስ ሄድኩ። ስለ ራሴ መጠየቁ ቢከብደኝ፣ የኔታ፣ አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ተስላ ነበር፣ ኋላ ግን ነገሩ አውሎ ነፋስ አይደለም ተባለ፣ ስለቱ ይያዛታል ወይ አልኳቸው። መርጌታ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው መጽሐፋቸው ላይ አቀረቀሩ። «ለዚያች ልጅ ንገሪያት፤ ጻድቁ ራዲዮ የላቸውም» አሉኝ።

ይህም አልበቃኝም። ጻድቁ ራዲዮ ባይኖራቸው እኔ አለኝ፤ ለእናንተ ጽፌ፣ አውሎ ነፋስ አልነበረም የሚል ማረጋገጫ ከነማኅተሙ ላስመጣ አሰብኩ። ይህ ደብዳቤ መጀመሪያ የታሰበው ለዚያ ነበር።

ከዚያ ጸደንያ ደወለች። የእሷ ስልክ መጀመሪያ ኔትወርክ አጥቶ፣ ኋላም ውሃ ገብቶበት ኖሮ የደወለችው በሱሀይላ ስልክ ነው፤ ደኅና መሆኗን ሰማን፣ እናቴም እትዬ ዘይነባም ተያይዘው አለቀሱ። ኋላ ረጋ ብላ ነገሩን ነገረችን። አሠሪዎቿ ሰኞ ዕለት ወደ ተራራው ለመሸሽ ዕቃቸውን ጭነው ነበር። የእሷም ሻንጣ መኪናው ላይ ነበር። ከዚያ የእነሱም ቴሌቪዥን ተዳክሟል፣ አውሎ ነፋስ መባሉ ቀርቷል አለ። ማዳሟ ይህን ስትሰማ የጸደንያን ሻንጣ ከመኪናው አወረደች። አውሎ ነፋስ ካልሆነ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አለቻት። እነሱ ግን አንዴ ጭነዋልና ሄዱ።

ነፋስ የሚባል አልመጣም፤ ዛፍ እንኳ አልወደቀም። ዝናቡ ግን አላባራም። ከቤቱ ኋላ ያለው ደረቅ ወንዝ ሞልቶ በበሩ ገባ። ምንጣፎቹን ወደ ፎቅ ስታመላልስ ውሃው ጉልበቷ ደረሰ፤ ልውጣ ስትል በሩ በውሃው ኃይል አልከፈት አላት። ውሃው እስኪጎድል ድረስ እየጸለየች፣ ብቻዋን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቆየች። እናቴ ግራ ገብቷት፣ ተዳክሟል አላሉም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«እማ፣ ስሙን ቀየሩለት እንጂ ውሃው መቼ ሰማ?» አለቻት።

ክቡር ሆይ፣ ማዳም አማርኛ ስለማትሰማ በእናንተ የማመካኘው የለኝም። የእሷም አገር እናንተን የመሳሰሉ ትጉሃን እንዳሉት ተረድቼ ብቻ ደስ አለኝ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በዚያ ክርክር ውስጥ ማዳምና እኔ ከአንድ ወገን ነበርን። እሷ ምንጣፏ እንዲጠበቅላት፣ እኔ ማይክሮፎን እንዳልይዝ፣ ሁለታችንም ነገሩ ትንሽ እንዲሆን ፈለግን። እሷ ሻንጣ አወረደች። እኔ እዚህ ሆኜ የማወርደው ሻንጣ ስላልነበረኝ ነው እንጂ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬን አንሥቻለሁ፤ ማረጋገጫውን ፍለጋ እንዳትደክሙ። ነገ ተክለ ሃይማኖት ነው። ታቦቱ ሲቆም ወደ መርጌታ ሄጄ እጄን እዘረጋለሁ። ድምፄ ከቀረም ሕዝቡ ዝም ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ በላይ አይመጣም። ማይክሮፎን ይዞ ያን ያህል ጊዜ ምንም ሳይናገሩ መቆየት እንደሚቻል ከረቡዑ ዝግጅታችሁ ባልሰማ ኖሮ ይህን ድፍረት ከየትም አላገኝም ነበር፤ ለዚህ ውለታችሁ ቃል የለኝም።

በሁለት ቀን ስለለገሳችሁን ስሞች ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ሰማያችሁ ብሩህ፣ ነፋሳችሁም ዘወትር ከተወሰነለት መጠን በታች እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የመስመር መቆራረጣችሁ ምክንያት የሆንኩት፣
የሻለም ፈንታው

ማስታወሻ፦ መርጌታ ለአንድ ምስክር የሚሰጡት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ነገ በመጀመሪያ ውሃው በየት በኩል እንደገባ፣ ቀጥሎ ቤቱ ውስጥ ማን እንደቀረና ማን ትቷት እንደሄደ፣ ከዚያም ጻድቁ እንዴት እንዳወጧት እናገራለሁ። የነፋሱን ስም መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ጊዜ ካጠረኝ እሱን እዘለዋለሁ።