በአንድ ኪሎ የታሙት ቦክሰኛ፣ አቶ ደምሴ ዳንጊሶ (1964–2017 ዓ.ም.)

አቶ ደምሴ ከአባታቸው ከአቶ ዳንጊሶ ላላሞ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፅጌ ሪቂዋ በ1964 ዓ.ም. በሀዋሳ ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ አንድ ፍሬ ነገር ስለነበሩ ያድጋሉ ያለ ሰው አልነበረም፤ አደጉ።

እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ደብተሩን ጥለው ጓንት አጠለቁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መከሯቸው፤ ሰምተው፣ አመስግነው፣ ወደ ልምምዳቸው ሄዱ። በአሰልጣኝ ከድር እጅ ሰልጥነው በ1987 ዓ.ም. ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ሆኑ። ክብደታቸው ዌልተር የሚባለው ነው፤ ከስልሳ ስድስት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ማለፍ አይፈቀድም። በዚያው ዓመት ከወ/ሮ ገነት ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤልናታንንና ሩሀማን ወለዱ።

ኪሏቸውን የሚጠብቁት መናኸሪያ ባለው የታላቅ እህታቸው የወ/ሮ ሙሉ እህል ቤት ነበር። በየማለዳው ከጤፉ በፊት የእህል መመዘኛው ባስኩላ ላይ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ወ/ሮ ሙሉ ከገበሬ በዚሁ ባስኩላ እየመዘኑ ገዝተው የሚሸጡ፣ በሚዛናቸው የሚኮሩ ሴት ናቸው።

በ1992 ዓ.ም. ለሻምፒዮና ቀበቶ ለመጋጠም ናይሮቢ ሄዱ። ሀዋሳ ላይ ልክ የነበሩት ሰው እዚያ ሲመዘኑ አንድ ኪሎ ተረፋቸው። ሁለት ሰዓት ተሰጣቸው። ጃኬት ደራርበው በፀሐይ ሮጡ፣ ጠጉራቸውን ተላጩ፣ ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ ኪሎውን አወረዱ። በደረቀ ጉሮሮ አሥሩንም ዙር ተጋጥመው በነጥብ ተሸነፉ። አልወደቁም፤ ይህ ይሰመርበት።

ከተማው ግን አልማራቸውም፤ ሆዱን መግታት ያቃተው ቦክሰኛ አላቸው። ከሁሉ የባሰው የወ/ሮ ሙሉ ምላስ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ምሳ በቀረበ ቁጥር፣ "ለሱ አታብዙለት፤ ያ ሆድ ቀበቶም በልቷል!" ሲሉ ኖሩ። አቶ ደምሴ ስቀው ያልፉ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ያንኑ የናይሮቢውን ተጋጣሚ አዲስ አበባ ላይ በአራተኛው ዙር በዝረራ አሸነፉት። በ1999 ዓ.ም. ጓንታቸውን እስኪሰቅሉ ድረስ አንድ ግራም አልፈው አያውቁም። ስሙ ግን አልለቀቃቸውም።

ባለፈው ሚያዝያ የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ምግብ እምቢ ሲሉ ወ/ሮ ሙሉ፣ "ያኔ አትብላ ስትባል በላህ፤ አሁን ብላ ስትባል እምቢ!" አሏቸው። አልጋው አጠገብ የተቀመጡት አሰልጣኝ ከድር አላስቻላቸውም። "እትዬ ሙሉ፣ ይብቃዎት! የሳተው የእርስዎ ባስኩላ ነው። አንድ ኪሎ አሳንሶ ይመዝን ነበር" አሉ።

ለካስ አቶ ደምሴ ከናይሮቢ እንደተመለሱ ያልተከፈተ የሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ አምጥተው በባስኩላው ቢመዝኑት አርባ ዘጠኝ አለ። እህታቸው ቸርች በሄዱበት ብሎኑን አስተካክለው፣ ለማንም እንዳይናገሩ ከድርን ለመኑ። እህቴ ከገበሬ ሰረቀች ከምትባል፣ እኔ ሆዳም ልባል ብለው ነው። የዚያን ቀንም፣ "ተዪው እትዬ፣ አልፏል" አሉ።

አላለፈም። ይህ በሰው ፊት እንዲነበብ ያዘዙት ወ/ሮ ሙሉ ናቸው። በዚያ ዘመን እህል ያመጡላቸው ገበሬዎችም ይስሙ፤ ይቅርም ይበሏቸው።

አቶ ደምሴ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ53 ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከእህታቸው ተለዩ። የደከመ ሰውነታቸውን ጌታ ያሳርፍ፣ ነፍሳቸውን በቤቱ ያኑር፣ የቀሩትንም ያጽና። ከእንግዲህ ሆዳም ነበር የሚል ካለ ግን፣ ወ/ሮ ሙሉ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠዋል።