ከመሃል የተኛው

ለምወድሽ እናቴ፤ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ እየሳለ «ደህና ነኝ» ማለቱን ይዟል? በእኔ በኩል ከናፍቆታችሁና ከግራ አውራ ጣቴ በቀር ሁሉ ደህና ነው።

አትደንግጪ፣ ጣቴ በቦታው አለ። የወንበር እግር ስቦረቡር መሮው አመለጠኝና ገባበት። አለቃዬ በጨርቅ ጥፍር አድርጎ አሰረልኝ። ቆመ ስንል እንደገና ይፈሳል። በማግስቱም አልቆም ሲል ሆስፒታል ወሰደኝና ደሜን መረመሩት።

ሐኪሟ ደግ ናት፣ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የደም ሥር ሲቆረጥ መጀመሪያ በደም ውስጥ ያሉ ደቃቅ ነገሮች ሮጠው ቀዳዳው ላይ ይለጠፋሉ። እሱ ብቻውን አይበቃም። ተኝተው የሚኖሩ ሌሎች አሉ፤ አንዱ ይነቃና ሁለተኛውን ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ ድር የመሰለ ክር ተሠርቶ ደሙን ይይዘዋል። የእኛ ቤት ጠዋት ትዝ አለኝ። አንቺ አባዬን፣ አባዬ እህቴን፣ እህቴ እኔን፣ እኔ ትንሹን ወንድሜን። እኔ እንቅልፋሙ ካልነቃሁ እሱም ትምህርት ቤት አይደርስ! በደሜ ውስጥም ከመሃል ያለው አንዱ በጣም ጥቂት ነው አለችኝ። ቅስቀሳው እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ቀጥላ በዘር የሚመጣ ነውና ከቤተሰባችሁ ደም አልቆም ብሎት የሞተ አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ጣቴን ረሳሁት። እማ፣ ትንሹን ወንድሜን ጋሽ መቀስ አልገደለውም። ፀጉር ሲያስተካክል፣ የታመመ ጥርስ ሲነቅል የኖረ ጎረቤታችን ነው፤ የሌላ ሰው ደም እንቢ ብሎት አያውቅም። እኛ ግን የወንድሜን ጥርስ ነቅሎ ደሙ አልቆም ብሎ ሲሞትብን እጁ መርዝ ነው አልን። ለልቅሶ ሲመጣ አባዬ ከደጅ መለሰው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፊት እንነሳዋለን። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። አንቺም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል ቢሉሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ዓይኔንም የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።

መድኃኒት አለው፣ ሰጥተውኝ ጣቴ ገጥሟል። እህቴ ግን የልጇን ደም ሳታስመረምር ጥርስ እንዳታስነቅለው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እህቴን ከነልጇ፣ አክስቴንም ከነጨዋታዋ ሰላም በይልኝ። ለጋሽ መቀስም ሰላምታ አለኝ። የእሱን ግን በሰው እንዳትልኪው፤ አባዬን ይዘሽ ሱቁ ድረስ ሂጂና ራስሽ አድርሺልኝ።

ልጅሽ እንቅልፋሙ
ከአናጺው ግቢ፣ ኅዳር 12 ቀን