የሰባራ ጥርስ ግራና ቀኝ

ሰኞ፣ ማርች 3

እሺ አልኳት። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ዚታ ጠዋት መጣች። አባቷ ፕላሲድ ከሞተ ወዲህ ወይን ጠመቃውን የያዘችው እሷ ናት። ለስድስቱም ወይኖች አዲስ ሌብል ትፈልጋለች። ሦስቱ ነጭ፣ ሦስቱ ቀይ። ከፋሲካ በፊት እንዲደርስላት። የድሮው ደክሟል አለች።

የድሮው የአባዬ ሥራ ነው። እንጨት ላይ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ ያተመው። አርባ አንድ ዓመት በየጠርሙሱ ላይ ኖሯል። እዚህ ሱቃችን ውስጥም ከማተሚያው በላይ በፍሬም ተሰቅሏል። አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መቅረጽ ትቷል… ሌላ ምን ቀረው? እና እሱን የምሽርበት እኔ፣ ልጁ።

አባዬ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ማን እንደመጣ ጠየቀኝ። ቀለም ሻጩ ነው አልኩት። በአርባ ስድስት ዓመቴ አባቴን እዋሻለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ፈን ተነሳ። ይሄ ነፋስ ከደቡብ በሞቀ ቁጥር የሸለቆው ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል። መስኮቱ ሲንኳኳ ዋለ። አንድ መስመር እስላለሁ፣ እሰርዛለሁ። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

አዲሱ ሌብል ላይ ተራራው ይቅር ብዬ ነበር። ዚታ አልሰማችኝም። ተራራችን ሰባራ ጥርስ የሌለበትን ጠርሙስ የመንደሩ ሰው አይገዛም ትላለች። እውነቷን ነው፤ ጫፉ በአንድ በኩል የተሸረፈ ተራራ ሌላ የት አለ? አሮጌው ሌብል ላይ ስስ ወረቀት ደርቤ እንዳለ ቀዳሁት። ቢያንስ ተራራው የአባዬ ይሁን። ህሊናዬ ትንሽ አረፈ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

"ምን እየሠራሽ ነው?"

የሠርግ ጥሪ ነው አልኩት አባዬን። ማን እንደሚያገባ ባይጠይቀኝ ጥሩ ነበር። ጠየቀኝ። የሲዮን ከተማ ሰዎች ናቸው፣ አታውቃቸውም… ውሸት ሲጀመር እንዲህ ነው፣ አሁን ሙሽሮች ሁሉ አሉኝ።

ዛሬም አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ናሙናውን ጠርሙስ ላይ ለጥፌ በረዶ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠርዙ ተጠቀለለ። ወረቀቱን የቃጫውን አቅጣጫ ሳላይ ነው የቆረጥኩት። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት። ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ እጄ ምን ያድርግ? ሁሉንም እንደገና ቆረጥኩ።

ዓርብ፣ ማርች 14

አባዬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበረው ዚታን ጠራኋት። ስድስቱን ናሙና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት። አየች… ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን እየያዘች ነበር።

"ኦዲል፣ ይሄ እኮ የአባትሽ ተራራ ነው።"

"አዎ። ሰባራ ጥርስ ነዋ።"

"ነይ እስቲ፣ መስኮቱን ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ክው አልኩ። የእውነተኛው ተራራ ስብራት በስተግራ ነው። ሌብሉ ላይ በስተቀኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለቱንም በየቀኑ እያየሁ አንድም ቀን አላስተያየኋቸውም። አባዬ እንዳየው ቀርጾታል። እንጨት ላይ የተቀረጸ ሲታተም ደግሞ ይገለበጣል። ይህን የማያውቅ አታሚ የለም።

መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ቀልድም አለው። "ጠጥተህ ስትጨርስ ተራራው ይቃናል" ይባባላሉ። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን በጀርባው በኩል ብርሃን ላይ ካዩት ስብራቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ሌዮንስ፣ ማለትም አባዬ፣ ወይም ልጁ መጠጥ ቤት ሲገቡ ወሬ ቀይሩ ብሎ ያዘዘው ፕላሲድ ነው። ለክብሩ ብለው።

የትኛው ይታተም ብላት ለእኔ ተወችው። እስከ ሐሙስ ግን ቁርጡን ትፈልጋለች።

ካቃናሁት አባዬ አንድ ጊዜ አይቶ ይገባዋል። ሥራው መሻሩ ብቻ ሳይሆን ስህተቱም ይነገረዋል፣ ያውም በስድስት ጠርሙስ። ካላቃናሁት ደግሞ አውቄ የምዋሸው እኔ ነኝ… ምን ይሻለኛል?

ሰኞ፣ ማርች 17

ሁለቱንም አተምኩ። ግራውንም ቀኙንም። መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ኪሴን ዳሰስኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ከቅዳሴ በኋላ አባዬን አጣሁት። ሱቁ ተከፍቷል። መሳቢያውም። ለካ ሌላ ቁልፍ አለው፤ ሱቁ የእሱ እንደነበር ረስቼው ነው?

መስኮቱ ጋ ቆሟል። በአንድ እጁ ግራው፣ በሌላው ቀኙ።

"ሙሽሮቹ እነዚህ ናቸው?"

ልነግርህ ነበር ምናምን አልኩ። አልሰማኝም፣ ተራራውን ያያል።

"ስብራቱ በግራ ነው" አለ። "ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ።"

ሦስት ሺህ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው አንዱን አንስቶ በመስኮት ያስተያየው። ሮጦ ፕላሲድ ጋ ሄደ። ፕላሲድም ጠርሙሶቹ ቆመው እየጠበቁ ነው፣ ውስጣቸው ያለው አልተገለበጠም፣ ተወው አለው። በሚቀጥለው ዓመት አስተካክለዋለሁ ብሎ ነበር። ፍሬሙን ደግሞ የሰቀለችው እናቴ ናት። በየዓመቱ ላውርደው እያለ፣ እንዳያሳዝናት እየፈራ… እሷም ሞተች፣ ፍሬሙም እዚያው ቀረ።

"አንድ ሰው ቢስቅብኝ በማግስቱ አቃናው ነበር። ማንም አልሳቀም። ስገባ ዝም ይላሉ። እነሱ ዝም ካሉ እኔ ምን ብዬ ልጀምር?"

አንጀቴን በላው። እሱ እንዳይሰማ የፈራሁለትን ነገር አርባ አንድ ዓመት የሚነግረው ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። ሳላስበው ቀልዱን ነገርኩት። ጠጥተህ ስትጨርስ…

ፊቱ ደረቀ። ገደልኩት አልኩ።

"ፕላሲድ ነው ያለው?"

"መሰለኝ።"

ለራሱ ደገመው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። የወረቀት ክምሩ ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። እንባውን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ "ይሄን የመሰለ ቀልድ ደብቀውኝ" አለ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ቀኙን አቃጥዪው አለኝ። ምድጃው ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ነጮቹ ታተሙ። ስብራቱ በግራ። ቀዮቹ ቀርተዋል።

ከአባዬ ጋር ሃያ ዓመት ሠርተናል። ያሳየሁትን ሁሉ "ጥሩ ነው" ነበር የሚለኝ። እኔም ወድዶት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የቀዮቹን ናሙና ሳሳየው መነጽሩን አደረገ።

"ኡማኝ የሚለው የወይኑ ስም ፊደሉ ቀጥኗል። በዚህ ጥቁር ጠርሙስ ላይ ማን ሊያነበው ነው?"

"ቀጭን ፊደል ሁሌም እጠቀማለሁ። እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?"

"ለእኔስ ማን ነገረኝ?"

ከዚያ ተያያዝን። በጣም ተናደድኩ፣ የእውነት። የዚታን ሌብል ማን እንደሚሠራ አስታወስኩት፣ እሱም ማን እንዳስተማረኝ አስታወሰኝ። ዚታ ልታየን መጥታ ጩኸታችንን ከመንገድ ሰምታ ተመለሰች አሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰባት ስህተት አወጣብኝ።

ከምሳ በኋላ እሱ ሲያሸልብ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ከሰባቱ በአምስቱ እሱ ልክ ነው። ነገ ፊደሉን እንደገና እደረድራለሁ። ስለቀሩት ሁለቱ ግን ጠዋት እንጣላለን።