ቆርበሽ የተውሽው ግዝት

እማየ፣ እናት ዓለሜ፣

ከተለየሽኝ ይኸው ሃምሳ አራት ቀን ሆነ። የምጽፍልሽ ናፍቀሽኝ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄብሽም ነው። በሕይወት ሳለሽ ቢሆን ይህን ፊት ለፊት አልናገርሽም ነበር። አሁን ግን ማን ያስቆመኛል!

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ዘንድሮ ፍሬው ደህና ነው። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ቦራ ናት። መቁጠሪያሽና ዳዊትሽ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም። እኔም ማስተማሩ ፋታ ሲሰጠኝ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ እየመጣሁ ቤቱን ከፍቼ እጠርጋለሁ።

ውዳሴ ማርያም ሳትደግሚ ውኃ አትቀምሽም ነበር። ልጆች ሳለን እኔና የሺ ቀሚስሽ ሥር ተጠቅልለን፣ እያንጎላጀን እንሰማሽ ነበር። ግዕዙ አይገባንም፤ አንቺ ከእግዚአብሔር ጋር እንደምታወሪ ግን እናውቅ ነበር። እኔ እግዚአብሔር አለ ብዬ ያመንሁት አንቺን አይቼ ነው።

ታናሽ እህቴ የሺ የሸማኔ ልጅ አግብታ አርብ ገበያ ከተማ ከሄደች በኋላ ግን ስሟ ከቤታችን ጠፋ። ስድስት ዓመት ሙሉ! ሰውየው ምን አጠፋ? ለብሰሽ የምታስቀድሽውን ነጠላ የሚሠራው ያው ሸማኔ አይደለም እንዴ?

ሕመሙ ሲጠናብሽ ልቁረብ አልሽ። የንስሐ አባትሽ ከልጅሽ ሳትታረቂ አይሆንም አሉሽ። እኔን ላክሽኝ። የሺ አልመጣም ብላኝ ነበር፤ እማየን አውቃታለሁ፣ ይቅርታዋ ከአንገት በላይ ነው አለችኝ። ተቆጣኋት። በእግዚአብሔር ስም ማልሁላት፣ እማየ።

መጣች። እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ከደጅ ገባች። አስታራቂ ሽማግሌዎች እያዩ ይቅር ለእግዚአብሔር ብለሽ ድንጋዩን በገዛ እጅሽ አወረድሽላት፤ አገላብጠሽ ሳምሻት። ያላለቀሰ አልነበረም። እሑድ በቃሬዛ ወሰድንሽና ቆረብሽ።

በአርባሽ ቀን የሺ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ለተዝካርሽ ሁለት አህያ እህል ጭና መጥታ፣ ዳሱ ውስጥ ስትጎነብስ ስትቀና አረፈደች። ምግቡ ሊቀርብ ሲል የንስሐ አባትሽ፣ አባ፣ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። የንስሐ ምሥጢር አይደለም፣ በተዝካሬ ቀን ለልጄ ንገሩልኝ ያለችኝ ቃል ነው አሉኝ። በቆረብሽ በሦስተኛው ቀን አስጠርተሻቸው፣ ያች የሸማኔ ሚስት ከተዝካሬ እንዳትቀምስ፣ ያቀመሳትም የተገዘተ ይሁን ብለሻል። እሳቸውም እምቢ ማለት አቅቷቸው ገዝተዋል።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ግዝቱን ፈራሁ። የሺ ዘንድ ሄጄ እጇን ያዝሁ። ፊቴን አየችና ገባት። ነጠላዋን ደርባ አህዮቿን ነድታ ሄደች፤ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። እኔም ተመልሼ ከሕዝቡ ጋር ነፍስ ይማር አልሁ። አፈርሁ፣ እማየ። ዛሬም አፍራለሁ።

ለምን እንዲህ አደረግሽ? ባትታረቂያት ይሻል ነበር እኮ! ስድስት ዓመት መቀየምሽ ቢያንስ እውነት ነበር። እኔን መልእክተኛ አድርገሽ በእኔ አፍ ዋሸሻት። ልጅሽን መክዳትሽ ሳያንስ እግዚአብሔርንስ እንዴት ደፈርሽው? ስሙን ለመቁረቢያ ብለሽ ብቻ ነው የጠራሽው። አሁን ቅዳሴ ቆሜ ሰው ሁሉ እግዚኦ ሲል የእኔ አፍ አይከፈትም። ካንቺ የተማርሁትን ጸሎት ሁሉ ተጠራጠርሁት።

ባለፈው እሑድ አባን ግዝቱን ይፍቱልን ብዬ ለመንኋቸው። እናትሽንስ ይቅር ብለሻታል ወይ አሉኝ። አዎ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አልሁ፣ ቶሎ ብዬ። እንግዲያው ነገ ነይ አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ስደርስ ቆም አልሁ። ምን ማለቴ ነው? አንቺ ያደረግሽውን እኮ ነው ያደረግሁት! ተመለስሁና ዋሽቻለሁ አባ፣ ይቅር አላልኋትም፣ አልቻልሁም አልኋቸው። እሳቸውም፣ እኔም እናትሽን እንዲህ አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ነገን አልጠበቁም፤ እዚያው መስቀላቸውን አውጥተው፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ፈቱት።

የፊታችን ቅዳሜ አርብ ገበያ ድረስ እሄዳለሁ። ለየሺ ያንቺንም የእኔንም ሳልደብቅ እነግራታለሁ። በሩን ብትዘጋብኝ አልቀየማትም።

አንቺንስ? አልረሳሽም፣ እማየ። የሺን ስትስሚያት ጉንጭሽ ላይ የወረደውን እንባም አልረሳም፤ እሱ እንኳ እውነት ነበር ወይ እያልሁ እኖራለሁ። ነፍስ ይማር ግን አሁን አልልሽም። ከልቤ የመጣ ቀን እልሻለሁ። እስከዚያው ስጸልይ ስምሽን ብቻ በእግዚአብሔር ፊት እጠራለሁ፤ የጎደለውን እሱ ያውቀዋል።

ልጅሽ አንጓች