ጋሪ በተባረረበት ቀን ስለተቆጠረው መንገዳችን

ይድረስ ለተከበሩ የዳንግላ ከተማ የመንገድ ፍሰት ጥናት ቡድን አስተባባሪ፤

የክረምቱ ጭቃ ሳይደፍርዎት፣ ኮምፒውተርዎም መብራት ሳይጠፋበት እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የገበያ በር ነዋሪዎች እጅግ ደህና ነን፤ ደህና መሆናችንንም ያወቅነው ባለፈው ሳምንት እርስዎ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲያሳዩን ነው።

ከተማችንን ሲሙሌሽን በሚሉት የኮምፒውተር ማስመሰያ ሠርተው ትንንሽ ባጃጆችና ሚኒባሶች እንደ ጉንዳን ተራ ጠብቀው ሲተላለፉ ስናይ፣ አጠገቤ የነበረው ባለሱቁ ዳውድ «ይኼ ከተማ የት ነው? የሚከራይ ቤት ይኖረው ይሆን?» ብሎ ሹክ አለኝ፤ እኔም ለእርስዎ ክብር ስል በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ቀጥሎ የተሽከርካሪውን ፍሰት የሚያሳየው መስመር ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ታየ። እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር በከተማችን አይተን ስለማናውቅ አጨበጨብን፤ ምስጋናዬ ዛሬም ከልብ ነው። ከምስጋናው ሥር የበቀሉትን ጥቂት ቅሬታዎች ግን በትሕትና ላቅርብ።

፩. መንገዳችን የተቆጠረው በጥናቱ መክፈቻ ዕለት ነው። ያን ዕለት ከእንጅባራ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ አስፋልቱ ተጠርጎ፣ ጋሪ የተባለ ሁሉ «ገጽታ ያበላሻል» ተብሎ ገና በማለዳው ከዋናው መንገድ ተባርሮ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር የለመድነው ስለሆነ የተገረመ የለም፤ ባለጋሪው አዝመራው እንኳ «ዛሬ ደግሞ ማን ሊመጣ ነው?» ብሎ ፈረሱን ሣር ላይ ለቀቀው። ቆጣሪዎችዎ በዚያው ዕለት ቆጠሩ፤ ሶፍትዌሩም የሰጡትን ይዞ በዳንግላ ዋና መንገድ ጋሪ የሚባል ነገር እንደማያልፍ አረጋገጠ። ጋሪውን ያባረረውም ጋሪ ፈልጎ ያጣውም አንድ ቢሮ መሆኑ የሥራ ቅንጅታችሁን ያሳያል።

፪. ጋሪ ስለሌለ የገበያ በሩ ጋሪ ማቆሚያ ከመስቀል በኋላ ለባጃጅ እንዲሰጥ፣ ጋሪዎቹም ከድልድዩ ማዶ እንዲቆሙ ወስነዋል። የሌለን ጋሪ ወደ ማዶ ማዛወር ምን ያህል እንደሚያደክም እረዳለሁ።

እዚህ ላይ እትዬ ሽታዬን ላስተዋውቅዎ። ከከተማው ወጣ ካለ ሰፈር ድንች እያመጡ የሚሸጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ባጃጅ ነጂዎቹ ጆንያ ሲያዩ «እማማ፣ ወንበሩ ይቀደድብኛል» እያሉ ያልፏቸዋል፤ ገበያ የሚያደርሳቸው የአዝመራው ጋሪ ብቻ ነው። ባለፈው የገበያ ቀን ማቆሚያው «ለሙከራ» ሲዘጋ ጆንያቸው ከድልድዩ ማዶ ወረደ። መሸከም ስላልቻሉ ክረምቱን ሙሉ የኮተኮቱትን ድንች እዚያው ቆሞ ለሚጠብቅ ደላላ በጠራው ዋጋ ለቀቁለት። ደላላው ጥናትዎን እጅግ እንደወደደው ሰምቻለሁ። በየገበያው እንዲህ ከሆነ ለከርሞ የሚተክሉት ዘር እንደማይተርፋቸው እትዬ ሽታዬ ነግረውኛል፤ የነገሩኝ እየሳቁ ነው፣ እሱ ነው የከበደኝ።

፫. ይቺ ትንሽ ናት። በመስመሩ ላይ የታየችው ብቸኛ ቀይ ነጥብ «ምክንያቱ ያልታወቀ መዘግየት» ተብላለች። በዚያ ሰዓት ቀብር እያለፈ ስለነበር ባጃጆቹ ሞተር አጥፍተው ቆመው ነበር። ተጨማሪ ማብራሪያ ካስፈለገ የሟችን ቤተሰብ ማነጋገር ይቻላል።

ስለዚህ ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ማንም ሳይባረር መንገዳችን እንደገና ይቆጠርልን። እርስዎም በአካል ቢገኙልን ደስታችን ወሰን የለውም። ብቻ እንደሚመጡ አስቀድመው ለማንም አይንገሩ፤ ይጠረጋል።

በቀጥተኛው መስመርዎ ዳር በጠማማው መንገድ ላይ ቆሜ፣ ዕድሜና ጤና፣ የማይቋረጥ መብራትም እየተመኘሁልዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

እህተማርያም አየነው
ከዳንግላ፣ ገበያ በር

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ደብዳቤውን ሳነብላቸው እትዬ ሽታዬ አንድ ነገር እንድጠይቅዎ አደራ ብለውኛል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የዳንግላ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን ስለሰሙ፣ ፈቃድዎ ከሆነ የሚመጣውን ገበያ ድንቻቸውን በዚያ በኩል መላክ ይፈልጋሉ። ጆንያውን የት እናምጣልዎ?